ሃያ ኪሎ ሱሉልታ፣ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሰበታ

ሱሉልታ ላይ ሃያ ኪሎ የነበረ ቅቤ ሰበታ ሱቄ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሆኖ ያገኘሁት መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ነው። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ዓይኔ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ሦስት ሳምንት ሲደጋገም ግን ነጋዴ ዓይኑን መጠርጠር ይተውና ሰው መጠርጠር ይጀምራል። እኔም የምጠረጥረው ሰው ሩቅ አልነበረም።

ቅቤውን የሚሰበስቡልኝ የሱሉልታ ሴት ነበሩ። አዴ ነበር የምላቸው፤ በእኛ አካባቢ ለወንድ ትልቅ ሰው ኦቦ እንደሚባለው ለሴቷ አዴ ይባላል። በገበያ ቀን ባላገር ሴቶች ቅቤያቸውን በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው ይመጣሉ። አዴ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛናቸውን ከአንድ የግንብ አጥር ዳር በቆመ እንጨት ላይ ሰቅለው፣ የብረት መመዘኛዎቻቸውን ከታላቅ እስከ ታናሽ ደርድረው ይቀመጣሉ። በአንዱ ሳህን ቅቤ፣ በሌላው ብረት። ሁለቱ ሳህኖች ትክክል እስኪቆሙ ድረስ አይናገሩም፣ ሌላም ሰው አያናግሩም። ከእያንዳንዷ ሴት በኋላ ሳህኑን በቅጠል ይጠርጋሉ፣ ጠረጋውንም ለባለቤቷ ይመልሳሉ። እኔ ብሆን ከጠረጋው ብቻ በዓመት አንድ ትልቅ ድስት እሞላ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የጠረጠርኳቸው። ነጋዴ ሲባል እንዲህ ነው፤ አሥር ዓመት ያመነውን ሰው በአንድ ኪሎ ይጠረጥራል፤ አንድ ቀን ያወቀውን ሰው ደግሞ ሸሚዙ ንጹሕ ከሆነ ያምናል።

ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ማስተር ፕላን ነው። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም፣ አዲስ አበባን የከበብን ከተሞች ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ ገብተናል ተባለ። ካርታውን ያየ ሰው አላጋጠመኝም፤ በካርታው የተቆጣ ሰው ግን በየቀኑ አጋጥሞኛል። ወጣቶቹ ይወጣሉ፣ መንገድ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፣ ሚኒባስ ይቆማል፣ ወታደር ይመጣል፣ ሱቅ ይዘጋል። የታሰረ አለ፣ ያልተመለሰም አለ፤ ስለ እነሱ እዚህ በቀልድ መሃል አልጽፍም። ለእኛ ለቀረነው ግን «መንገዱ ክፍት ነው?» ማለት «እንዴት አደርክ?» እንደ ማለት ሆኖ ነበር።

የአዴ የሣር መሬት ላይም ችካል ተተክሎ ነበር። ሜዳውን ሜትር ይዘው የመጡ ሰዎች ለክተውታል፤ ለምን እንደለኩት ግን ለእሳቸው የነገራቸው የለም። ሜዳው ከሄደ ላሞቹ ይሄዳሉ፣ ላሞቹ ከሄዱ የሚቀራቸው ያ ሚዛን ብቻ ነው። ያ ሚዛን ደግሞ ሴቶቹ ካላመኑት ሁለት የቆርቆሮ ሳህንና አንድ ዘንግ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን «የአዴ ሚዛን ቀልሏል» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ይህን አውቃለሁ። አውቄም አልኩት።

ያልኩት ለአንድ የቡራዩ ደላላ ነው። አዲስ ሚዛን ገዝቶ፣ ቁጥሩ በቀይ መብራት የሚጻፍ፣ እሱን በብብቱ ይዞ እየዞረ ቅቤ የሚሰበስብ ሰው ነው። «የሱሉልታውን ቅቤ እኔ ላምጣልህ፤ የእኔ ሚዛን አይዋሽም፣ ባትሪ ነው» አለኝ። እኔም ሻይ እየጠጣሁ፣ ጣቴን እያፍተለተልኩ፣ «እውነትህን ሳይሆን አይቀርም፣ የአዴ ሚዛን የቀለለ መሰለኝ» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። ደላላ ደግሞ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

ትምህርት ቤቱ በብጥብጡ ምክንያት በተዘጋበት ሳምንት የፊዚክስ መምህሩ ሥራ ፈትቶ ሱቄ ደጃፍ ላይ ባለችው ዱካ መቀመጥ ጀመረ። ደንበኛዬ ነው፤ ሩብ ኪሎ ይገዛና ግማሽ ቀን ያስተምረኛል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳልጨርስ ወደ ንግድ ስለገባሁ እንደኔ ያለ ጥሩ ተማሪ አያገኝም፤ ክፍሉ ተዘግቶም አልቀርም፣ ሱቁ የእኔ ነው።

አንድ ቀን ቅቤ ስመዝን ሲያይ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሚዛንህ ምን እንደሚመዝን ታውቃለህ?» አለኝ።

«ቅቤ።»

«አይደለም። መሬት ቅቤውን በስንት ጉልበት ወደ ታች እንደምትስበው ነው የሚመዝነው።»

የእኔ ሚዛን ከሱቁ ጣሪያ ማገር ላይ የተንጠለጠለ ባለሞላ ነው። ቅቤውን መንጠቆው ላይ ስትሰቅለው ውስጡ ያለው ሞላ ይሳባል፣ ቀስቱም ቁጥሩ ላይ ይቆማል። መምህሩ ተነስቶ መንጠቆውን በጣቱ ወደ ታች ሳብ አደረገው፤ ቀስቱ ስድስት ኪሎ ድረስ ሄደ።

«አየህ? ቅቤ የለም፣ ስድስት ኪሎ ግን አለ። ሚዛኑ የሚያውቀው መሳብን ብቻ ነው። ይህንኑ ሚዛን ጨረቃ ላይ ብትሰቅለው፣ ሃያው ኪሎ ቅቤህ ሦስት ኪሎ ከምናምን ነው የሚለው። የጨረቃ ስበት የመሬት ስበት አንድ ስድስተኛ ነው።»

«ቀሪው ቅቤ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ቅቤው ያው ቅቤ ነው፣ ለወጥ ብታደርገው ያንኑ ሰው ያጠግባል። መጠነ ቁስ ይባላል እሱ፤ አይለወጥም። የሚለወጠው ክብደቱ ነው፤ ሳቢው ስለተለወጠ።»

ደስ አለኝ። በሕይወቴ ስለ ሚዛን ከሰማሁት ሁሉ ሰውን የማይከስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሌሎቹንም ጠየቅሁት። ማርስ ላይ ሃያው ኪሎ ሰባት ተኩል ግድም ነው አለኝ። ጁፒተር ላይ ደግሞ ሃምሳ፤ መቆሚያ መሬት ባይኖረውም።

«እንግዲያ ጨረቃ ላይ እየመዘኑ ገዝቶ ጁፒተር ላይ እየመዘኑ መሸጥ ነው» አልኩት።

«መንገዱ ክፍት ከሆነ» አለኝ መምህሩ።

«ሃያ ኪሎ አሥራ ዘጠኝ የሚሆንበት ፕላኔትስ አለ?»

አሰበበት። «አሥራ ዘጠኝማ የለም። ቬነስ ላይ አሥራ ስምንት ነው። ሳተርን ላይ ሃያ አንድ ነው። ምነው?»

የሱሉልታውን ነገር ለማንም ልናገር አልፈለግሁም፤ ለደላላው ያልኳት አንዷ ዓረፍተ ነገር ራሷ ሆዴን ትቆረቁረኝ ጀምራለች። «ዝም ብዬ ነው» አልኩት።

እሱ ግን ትምህርቱን ቀጠለ። መሬት ላይም ቢሆን ስበት በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም፣ ከመሬት መሃል በራቅህ ቁጥር፣ ከፍታ በወጣህ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል አለ። እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ።

«ሱሉልታ ከሰበታ ከፍ ይላል አይደል?»

«በደንብ ይላል እንጂ።»

«ስለዚህ ሱሉልታና ሰበታ ላይ ክብደቱ አንድ አይሆንም?»

«አይሆንም፤ ግን...»

«ግን» ካለ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ልክ በዚያ ሰዓት ከላይ ሰፈር ጩኸት ተሰማ፣ የጎረቤት ሱቆች በራቸውን መጎተት ጀመሩ፣ እኔም ዱካዋን አስገብቼ ዘጋሁ። መምህሩ ወደ ቤቱ ሮጠ። እኔ ጨለማው ሱቅ ውስጥ ቅቤዬ አጠገብ ተቀምጬ፣ ውጭ ሰው እየተሯሯጠ፣ በልቤ ደስታ ነበር። አዴ አልዋሹም። እኔም በከንቱ አልጠረጠርኩም። ጥፋቱ የከፍታው ነው። ሁላችንንም ነጻ የሚያወጣ ጥፋተኛ ተገኘ፤ እሱም ተራራ ነው፣ አይቀየምም።

ዕድሜ ልኬን ሰው የሚነግረኝን ሁሉ «ስንት?» እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ የዚያን ቀን «በስንት ይቀንሳል?» ብዬ አልጠየቅሁም።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። ከሰበታ በዓለም ገና አድርጎ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሌላ ሚኒባስ፤ በደህና ጊዜ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ነው። በየሚኒባሱ ለአዴ የምነግራቸውን እያሰናዳሁ ሄድኩ። የምሥራች የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

የገበያ ቀን ነው። አዴ እንደ ወትሮው ከግንቡ ዳር ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ያሉት ሴቶች ግን ከወትሮው ግማሽ አይሞሉም። ትንሽ ራቅ ብሎ የቡራዩው ደላላ ቀዩን መብራት አብርቶ ቆሟል። እሱ ዘንድ ያሉትን ሴቶች አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ።

«አከም ቡልተን፣ አዴ» አልኩ፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

«ነጋ፣ ደህና» አሉኝ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም። ሚዛኑ ላይ የነበረውን ጨርሰው፣ ሳህኑን ጠርገው፣ ጠረጋውን መልሰው ነው የዞሩት። «ያ ሰውዬ፣ 'የሰበታው ነጋዴ ራሱ የአዴ ሚዛን ቀልሏል ብሏል' እያለ ለሴቶቹ ይነግራቸዋል። ብለሃል?»

አላልኩም ማለት እችል ነበር። መሃላ ለእኔ ችግር ሆኖ አያውቅም። ግን ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ቁጣ ቢሆን ኖሮ እዋሽ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም።

«ብያለሁ፣ አዴ። ግን አሁን ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ።»

ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ጨረቃን ነገርኳቸው፣ ማርስን ነገርኳቸው፣ ጁፒተርን ከነጉድለቱ ነገርኳቸው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነገር ሁሉ እንደሚቀል ነገርኳቸው። ሱሉልታ ከፍታ እንደሆነች፣ ሰበታ ዝቅታ እንደሆነች፣ ስለዚህ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ነገርኳቸው። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶችም ጠጋ ብለው ሰሙኝ። አንዷ በኦሮምኛ ለጎረቤቷ የሆነ ነገር ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

አዴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ከፍ ሲል ይቀላል ነው ያልከኝ?» አሉ።

«አዎ።»

«ዝቅ ሲልስ?»

«ይከብዳል።»

«ቅቤዬ ከዚህ ወደ አንተ ሲሄድ ወጣ ወይስ ወረደ?»

በእጄ ቁልቁል ወደ ሰበታ ማመልከት ጀመርኩ።

«ወረደ» አሉ ራሳቸው። «እንደ መምህርህ ከሆነ አንተ ዘንድ ሲደርስ መክበድ ነበረበት። ሃያውን ሰጥቼህ ሃያ ከምናምን ማግኘት ነበረብህ። አንተ ግን ጎደለብኝ ነው የምትለው።» ከዚያ ሴቶቹ ሳቁ፤ ጮክ ብለው አይደለም፣ ግን ደላላው ዞሮ እስኪያይ ድረስ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሴት፣ ከመምህሩ አፍ ለቃቅሜ ያመጣሁትን ትምህርት በአንዲት ጥያቄ ገልብጠው መለሱልኝ።

አዴ አልሳቁም። ብረቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«አብሬህ እወርዳለሁ። ቅቤውንም ይዘን፣ ሚዛኔንም ይዘን። እዚያው ሱቅህ ውስጥ እመዝነዋለሁ። ከጎደለ ሚዛኑን እዚያው ጥዬው እመለሳለሁ።»

በዚያን ጊዜ ለአንዲት ትልቅ ሴት ከሱሉልታ ሰበታ መሄድ ቀልድ አልነበረም። እምቢ ብላቸውም አልቀሩም። ሃያ ኪሎ መዝነን፣ በቅጠል ጠቅልለን፣ ተነሳን።

ዓለም ገናን እንዳለፍን ወታደሮች ሚኒባሱን አስቆሙ። ሁላችንም ወረድን። አንዱ ወታደር የአዴን ጥቅል ፈታው፤ ብረቶቹ አንድ ላይ ተንኳኩ። ሁለት ኪሎውን አነሳ፣ በእጁ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ይሄ ምንድነው?»

«መመዘኛ ነው» አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ። «ቅቤ ነጋዴ ነን።»

«ይሄ ቢወረወር ሰው ይጥላል» አለ ወታደሩ።

እሱ ደግሞ አሁንም ብረቱን በእጁ እያመዛዘነ፣ «ሁለት ኪሎ ይላል፤ ግን ሁለት የሚሞላም አይመስለኝ» አለ።

በዚያ ሁሉ መንገድ ዝም ያሉት አዴ ይህን ሲሰሙ ወደፊት ወጡ። «ገልብጠው» አሉት። «ልጄ፣ ገልብጠውና ማህተሙን እይ።»

ወታደሩ አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። ብረቱን ገለበጠው፤ ታቹ ላይ የመንግሥት ማህተም አለ፤ በመጠረግ ብዛት ደብዝዞ ቢሆንም ይታያል። «ሞልቷል» አሉት አዴ። ብረቱን መለሰላቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ተመልሰን ስንቀመጥ እኔ ወደ ወታደሮቹ ዞር ዞር እያልኩ አያለሁ፤ እሳቸው ግን የሚያስቡት ሌላ ነው። «አይሞላም ይለኛል እንዴ» አሉ ለራሳቸው፣ መስኮቱን እያዩ።

ሱቄ ስንደርስ መምህሩ ደጃፉ ላይ ነበር። ቅቤውን በእኔ ባለሞላ ሰቀልነው፤ ሃያ ኪሎ። በአዴ ሚዛን አምስት አምስት ኪሎ እያደረግን አራት ጊዜ መዘንነው፤ ሃያ ኪሎ።

እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው ለመምህሩ ስነግረው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጋሼ፣ 'ግን' ብዬህ ነበር እኮ። በሱሉልታና በሰበታ መሃል ያለው ልዩነት ሃያ ኪሎ ላይ ሁለት ግራም ቢሞላ ነው። መዳፍህ ላይ የሚቀረው ቅቤ ይበልጣል። እሱም የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም።»

«እሱንስ ነግሬዋለሁ» አሉ አዴ።

መምህሩ ዞር ብሎ አያቸው፤ ከዚያ በኋላ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ነበር የሚያስተምረው። «እናቴ፣ የእርስዎ ሚዛን እኮ ጨረቃ ላይም ቢሄዱ ትክክል ነው። ቅቤውም ይቀላል፣ ብረቱም እኩል ይቀላል። ሳህኖቹ እንደተስተካከሉ ይቆማሉ። እዚያ ሄዶ የሚዋሸው የእሱ ነው፣ ባለሞላው። ያ የቡራዩው ባለባትሪም እንደዚያው ነው።»

«የእኔ አይዋሽም?»

«የትም ቢሆን።»

ይህን በልባቸው አስቀመጡት፤ ስለታየኝ ነው የምናገረው። ከዚያ ግን፣ «ጨረቃ ላይ ሰው ሄዷል ይባላል፣ እውነት ነው?» አሉት።

«እውነት ነው።»

«ምን አደረጉ?»

«ተራመዱ፣ ድንጋይ ሰበሰቡ፣ ባንዲራ ተከሉ።»

«እንግዲያ ችካሉም ይመጣል» አሉ አዴ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። አዴ ሰበታ ያለች የእህታቸው ልጅ ዘንድ አረፉ፤ ሦስት ቀንም ቆዩ። ሥጋ ቤቶቹም ክትፎ ቤቶቹም በራቸውን ስለዘጉ ቅቤውን የሚወስድልኝ ሰው የለም፤ እንደዚያ ሰሞን ልማዴ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ደርድሬ ሱቁ ጥግ አስቀመጥኩት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ቀን ፀሐዩ ሲያርፍበት ውስጡ ይሞቃል። በደህናው ጊዜ ቅቤው ጠዋት መጥቶ ከሰዓት ያልቅ ነበር፤ ሳፋ ውስጥ የሚያድር አልነበረም። በዚያ ሰሞን ግን የምመዝነው አድሮ ሰንብቶ ገዢ ሲገኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አዴ ሲመጡ እኔ ሱቅ እየከፈትኩ ነበር። ሱቅ ስከፍት የማደርጋቸው ነገሮች አሉ፤ እጄ ያደርጋቸዋል እንጂ እኔ አላስባቸውም። በሩን እገፋለሁ፣ ደጃፉን እጠርጋለሁ፣ ቅቤውን በአንድ እጄ ደግፌ ሳፋውን ዘንበል አድርጌ ታቹ የተጠራቀመውን ቦይ ውስጥ እደፋለሁ።

«ቁም» አሉኝ።

ቆምኩ።

«ምንድነው የደፋኸው?»

«ውሃ ነው፣ አዴ። አሬራው ነው የሚወጣው።»

«የማን ውሃ?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ቦዩ ውስጥ ነጭ ሆኖ እየወረደ የነበረውን ውሃ አብረን አየነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ በገዛ እጄ የጎደለብኝን ኪሎ ስደፋ ነበር። ጨረቃና ጁፒተር ላይ ስፈልገው የነበረው ነገር ከደጄ ቦይ ውስጥ ነው።

አዴ አንድ ንጹሕ ጀሪካን አስመጡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚወርደውን ጠብታ ሁሉ አጠራቀምን። በሦስተኛው ቀን ቅቤውን መዘኑት፤ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ። ከዚያ በሌላኛው ሳህን ላይ ከብረቱ ጋር ሌላ ባዶ ጀሪካን አድርገው የውሃውን ጀሪካን መዘኑት፤ የጎደለው አብዛኛው እዚያ ነበር፤ ቀሪውን የመጀመሪያ ቀን ቦዩ ጠጥቶታል።

ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። እሳቸው ግን የራሳቸውንም ተናገሩ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ሴቶቹ ድንጋይ ሳይደረደር ቤታቸው ለመግባት በጥድፊያ ነው የሚያመጡት። ድሮ ቅቤውን እያገላበጡ ያሹት ነበር፣ ውሃው ይወጣ ነበር። አሁን አይታሽም። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ሚዛን ውሃና ቅቤ አይለይም።»

«ስለዚህ ከሁላችንም ነው» አልኩ፤ ጥፋቱን ለማካፈል ፈጣን ነኝ።

«ውሃው ከሁላችንም ነው» አሉ። «ወሬው ግን ካንተ ነው። ቡራዩ ደርሶ ሱሉልታ ገብቷል። መልሰው።»

«ለደላላው እነግረዋለሁ።»

«ደላላ አትላክ። በገበያ ቀን፣ ሴቶቹ ባሉበት፣ በራስህ አፍ፣ በቋንቋቸው።»

ኦሮምኛ እችላለሁ። መከራከር እችላለሁ፣ ማሾፍ እችላለሁ፣ መማል እችላለሁ። «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ግን ተጠቅሜበት ስለማላውቅ የእህታቸውን ልጅ መጠየቅ ነበረብኝ። እየሳቀች ነገረችኝ፤ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ በአፌ እያኘክሁት ሄድኩ።

በገበያው ቀን አዴ ሚዛናቸውን ሰቀሉ፣ ብረታቸውን ደረደሩ፣ እኔን ከግንቡ አጠገብ አቆሙኝ። ደላላው ከነመብራቱ እዚያው ነው። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ «ሚዛንኒ አዴ ዱጋደ። ከን ዶጎጎሬ አነ» አልኩ። የአዴ ሚዛን እውነት ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የውሃውን ነገር በማውቀው ሁሉ ኦሮምኛ፣ ሲያልቅብኝም በአማርኛ ነገርኳቸው።

ከዚያ አንዷ ወፍራም ሴትዮ፣ «እና እስካሁን ውሃችንን በቅቤ ዋጋ ስትገዛ ነበር?» አለችኝ።

«ስገዛ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነገርከን?» አለች፤ ገበያው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ደላላውም ሳቀ። የሳቀበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቀድሞ ገብቶታል።

ሳቁ ሲበርድ አዴ ተናገሩ። ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ቅቤ የሚመዘነው ሴትየዋ እዚያው ፊታቸው አሽታ ውሃውን ካወጣች በኋላ ነው አሉ። ያ ማለት የእያንዳንዷ ሴት ኪሎ ይቀንሳል። አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ውሃውን ከነቅቤው የሚመዝን ባለቀይ መብራት ቆሟል። ወፍራሟ ሴትዮ ጥቅልሏን አንስታ ወደዚያ ሄደች። ሁለት ሌሎች ተከተሏት። አዴ አልጠሯቸውም። ሳህኖቹ ባዶ ተንጠልጥለው፣ ትክክል ሆነው ቆመዋል፤ እሳቸው የሚያዩት እነሱን ነው። እኔ ደግሞ በንግድ ዘመኔ እንደዚያን ቀን የሌላ ሰው ገበያ አስጨንቆኝ አያውቅም።

ከደላላው ወገን ከቆሙት አንዲት ቀጭን ሴት ወደ እኛ መጣች። ወሬው እንደተወራ መጀመሪያ አዴን ትታ የሄደችው እሷ ናት፤ አዴ በኋላ ነግረውኛል። ሰላም አላለችም። ተቀምጣ ቅጠሏን ፈታች፣ ቅቤውን በሁለት መዳፏ መሃል አድርጋ ማሸት ጀመረች። ነጩ ውሃ በጣቶቿ መሃል ወጥቶ አፈሩ ላይ ተንጠባጠበ። እየደጋገመች አሸችው፣ ውሃው እስኪቆም ድረስ፤ ከዚያ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

አዴ ብረት ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ ትንሿን ጨመሩ። ጠበቁ።

«ስንት?» አለች ሴትዮዋ።

«ሁለት ከሩብ።»

ከቤት ስትነሳ ሁለት ተኩል ብላ እንደመጣች ፊቷ ላይ ይነበባል። ዘንጉን አየችው፣ ከዚያም አፈሩ ላይ ያለውን እርጥብ አየችው።

«ይሁን» አለች።

አዴ ሳህኑን በቅጠል ጠርገው ጠረጋውን ሰጧት። ከኋላዋ የቆመችው ሴት ተቀምጣ ጥቅልሏን መፍታት ጀመረች።